በስልክ የመጣ ግዝት

አክስቴ ጌጤ የምትታወቀው በጨዋታዋ ነው። ብቅልና ጌሾ የምትሸጥበት ጉልት ጋ የቆመ ሰው ሳይስቅ አይሄድም። ስለዚህ ለሳምንት ያህል ዝም ስትል ቤቱ ለቅሶ የተቀመጡበት መሰለ።

እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ እሷ ቤት ነኝ። ልጇ ሚልኪያስ ከደብረ ታቦር አንበሳሜ ሚኒባስ ይነዳል። በዚያ ሳምንት እሱን ከመኪናው ለመለየት ያልፈጠረችው ሰበብ አልነበረም። አንዴ ወገቤን አለች፤ በማግስቱ አጥሩ ካልታጠረ አለች፤ ከዚያ ማንም የማያውቀው ዝምድና ቆጥራ ጋፋት ለቅሶ ላከችው። ሚልኪያስም እናቴና ሚኒባሷ ጣውንት ሆኑ እያለ ያሾፍ ነበር።

አንድ ቀን ስልኳ ሲጮኽ ቁጥሩን አየች። ሳታነሳው ጉያዋ ከተተችው። ማን እንደሆነ ብጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። አጥብቄ ስለምናት፣

«ግዝት አለብኝ» አለች፤ «ከተናገርሁ ሚልኪያስን አጣዋለሁ።»

ግዝት እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ካህን ከገዘተ ድንበር የገፋ ይመልሳል፣ የተኳረፈ ይታረቃል፤ ያለ ካህንም አይፈታም። የማይታወቅ ሰው በስልክ ቢገዝት አይይዝም ብዬ ላስረዳት ሞከርሁ።

«አንተ ደግሞ መቼ ቀሰስህ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ክርክሩን ትቼ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ ቄስ ሙላቴ ይዣት ሄድሁ። ከቅዳሴ ወጥተው ጽድ ዛፉ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። መስቀል ተሳልማ ግዝቱን ስለፈራች ነገሩን የጀመርሁላት እኔ ነኝ።

«ማን ገዘተሽ?» አሏት።

«ቄስ ነኝ አለ። በስልክ።»

ቄስ ሙላቴ መስቀሉን ራሷ ላይ አኖሩት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። ይኼ ግዝት አይደለም፣ ማስፈራሪያ ነው። ተናገሪ።»

የሳምንቱ ዝምታ በአንዴ ፈረሰ። ደዋዩ የሚኒባሱን ታርጋና የመነሻ ሰዓቱን ነግሯታል። ገንዘብ ካልላክሽ ልጅሽ ከመንገድ አይመለስም፣ ለማንም ብትናገሪ ደግሞ በሥልጣነ ጴጥሮስ ገዝቼሻለሁ ብሏታል። እሷም የአንገት ሀብሏን ልትሸጥ ነበር። ታርጋውንና ሰዓቱን መናኸሪያ የቆመ ሁሉ እንደሚያየው ስነግራት ትኩር ብላ አየችኝ።

«ቀኖና እሰጥሻለሁ» አሉ ቄስ ሙላቴ። «ዛሬውኑ ለፖሊስ ትነግሪያለሽ፤ እሑድ ደግሞ ሰንበቴ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

«ስግደት ቢሆንልኝ ምን አለ፣ አባ?»

«ስግደትማ ለምደሽዋል።»

ፖሊሱ ታጋሽ ወጣት ነበር። ቁጥሩን መዘገበ፣ መልእክቶቹን እንዳታጠፋ፣ ምንም እንዳትልክ፣ ቢደውልም እንዳትሰድበው መከራት፤ የመጨረሻው ከበዳት። ሚልኪያስም ተጠርቶ መነሻ ሰዓቱን እንዲቀያይር ተነገረው። ሌላ የተደወለለት ሰው ቢገኝ ሰውዬውን ለመያዝ ይረዳል ሲለን፣ አክስቴ እንደ እኔ ያለ ሞኝ ከየት ይመጣል አለች።

እሑድ ሰንበቴው ቤት ጽዋ ከተቀዳ በኋላ ተነሥታ ተናገረች። ሞኝነቷን አልደበቀችም፤ የጋፋቱን የውሸት ለቅሶ ስታወራ ሰው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ያልሳቀችው ጨው ነጋዴዋ አበራሽ ብቻ ናት። ልጇ ባሕር ዳር ይማራል።

አክስቴ ወሬውን መሐል ላይ ተወችውና ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አንቺንም?»

አበራሽ ሁለት ጊዜ ገንዘብ እንደላከች፣ ለሦስተኛው ጊዜ በጎቿን ለመሸጥ እንደተስማማች ያወቅነው ኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ቀና ብላ ቄስ ሙላቴን ብቻ አየቻቸው። እሳቸውም መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ።

አክስቴ ክንዷን ይዛ አስነሣቻት። «ተነሺ እቴ። እሳቸው ይፈቱሻል፤ ከዚያ ፖሊሱ ጋ እኔው እወስድሻለሁ። ደግ ልጅ ነው፣ ወንበርም ይሰጣል።»