ሕግ ያልከለከለው ሥር

ነፋሱ ከጎቢ በረሃ መንፈስ ሲጀምር የቺያው ደሺ ሚስት የሱቺን ደረት ይዘጋል። ዘንድሮም ተዘጋ። ቺያው ትራስ ደራርቦ አስደገፋትና ማጭዱን ይዞ ወጣ። የከተማው ሐኪም እንደሆነ አንዴ «አተነፋፈስሽ የታረደ ግመል ይመስላል» ብሎ ከሳቀባት ወዲህ ደጁን አልረገጠችም። ደግ አደረገች፣ ይላል ቺያው።

እሷን የሚያሽላት ማኋንግ ነው፤ ያ ቅጠል አልባ አረንጓዴ ሣር። አሸዋው መንደሩን እንዳይውጥ ተብሎ ቺያው ራሱ ተንበርክኮ የተከለው ነው። ያኔ ጭብጨባ ነበር። ኋላ ከሣሩ አደንዛዥ ዕፅ የሚያበስሉ በዙ ተባለና ሕግ ወጣ። ሣሩ ፈቃድ ላለው ፋብሪካ ብቻ ሆነ፤ በሽቦ ታጠረ። መድኃኒት ቤቱም መሸጡን ተወ።

ጠባቂው ሉዎ ባውጻይ ነው። ልጅ ሳሉ ቺያው የእህቱን ቀይ ጫማ አድርጎ ትምህርት ቤት ቢመጣ «ሙሽሪት» ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነበር። ሉዎ ተምሮ ተምሮ ዘበኛ ሆነ። ቺያው ሳይማር ሙሽሪት እንደሆነ ቀረ።

«ሙሽሪት! ማጭድ ይዘህ ወዴት ነው?»

«አንድ እፍኝ ብቻ። ለሱቺን ነው።»

«ተው ወንድሜ። እፍኝ ብሰጥህ ነገ ካቴና የማጠልቅ እኔ ነኝ።»

«የተከልኩት እኔ ነኝ እኮ!»

«እኔስ ውሃ አላጠጣሁም? ማን ጠየቀኝ?» ሉዎ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ዐይኑን ሰበረ። «ሚስትህስ እንዴት ናት?»

«ደረቷ ያፏጫል።»

ሉዎ ከአጥሩ ውጭ ነፋስ የገለጠውን ሥር በጫማው ነካ አደረገ።

«ሕጉ ሣር ነው የሚለው። ሥር አላለም። ቆፍር፤ አላየሁህም።»

ከመሬት በላይ ያለው የማኋንግ ግንድ ላብ ያወጣል፣ ደረት ይከፍታል። ሥሩ ላብ ይዘጋል እንጂ ለትንፋሽ አይሆንም። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሉዎም ያውቃል። ቺያውም ያውቃል፤ ግን ባዶ እጁን ለመመለስ እግሩ እምቢ አለው። ቆፈረ።

ቤት ገብቶ እንደ ወትሮው አፕሪኮት ከሚባል ፍሬ ዘር ጋር ቀቀለው።

«ተገኘ እንዴ?» አለች ሱቺን።

«ተገኘ። ያ ባለጌ ሉዎ ዛሬ ሰው ሆነ።»

ጎድጓዳ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ቀመሰች። ቀና ብላ አየችው። በዚያ አሸዋ ላይ ተወልዳ የማኋንግን ግንድ ከሥሩ በጣዕም የማትለይ ሴት የለችም። አንገቷን ደፋችና እስከ አተላው ጨለጠችው።

«እንዴት ነው?»

«ከፈተልኝ» አለች። ይህን ለማለት እንኳ መሀል ላይ ትንፋሽ አጠራት።

«አላልኩሽም?» አለ ቺያው። ጀርባዋን ማሸት ጀመረ። «ተሽሎኛል፣ አይዞህ፣ ተሽሎኛል» ትለዋለች፤ ከቃሏ በላይ ግን ፉጨቱ ይሰማል።