ሶኬቱ አልገጠመም

«ኧረ ትልቁን አምጣ ወንድሜ! ይኼን ለአያትህ ሽጥላት!» አለ አውቃለሁ፣ ባለሱቁ መስታወቱ ላይ ያስቀመጠውን ትንሽ ካርቶን በጣቱ ጫፍ ገፋ አድርጎ።

አውቃለሁ ስሙ አይደለም። የፍቅረኛው፣ የዲዛይነሯ የሥራ ባልደረቦች ያወጡለት ቅጽል ነው። ሊወስዳት የምትሠራበት ማተሚያ ቤት ድረስ በመጣ ቁጥር ስለ ቀለም ሲነገረው «አውቃለሁ»፣ ስለ ወረቀት ሲነገረው «አውቃለሁ»። አንድ ቀን «የመቁረጫው ማሽን ጣት ይበላል፣ እንዳትጠጋ» ሲሉት እንኳ «አውቃለሁ» ብሎ እጁን ሰደደ። ጎትተው አተረፉት። ሥራው ኢንሹራንስ መሸጥ ነው። ለራሱ ጣት ያልሆነ ሰው ለሌላው ሕይወት መድን ሲሸጥ ይውላል፣ ጉድ እኮ ነው!

ትንሹ ካርቶን ውስጥ ያለው ዲዛይነሯ ስንት ጊዜ አንብባና አወዳድራ የመረጠችው ፕሮሰሰር ነው። ቀን የሰው ማስታወቂያና የንግድ ካርድ ስትነድፍ ትውላለች፤ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ወርውራ ጌም ትጫወታለች። መጠጥ አትወድ፣ ሐሜት አትወድ፣ ደስታዋ እሱ ነው። ኮምፒውተሯ ግን አርጅቶባታል። የመኪና እሽቅድድሙ መሀል ምስሉ ይደርቅና፣ ሲመለስ መኪናዋን ግንብ ላይ ተለጥፋ ታገኛታለች። ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው፣ የኮምፒውተሩ አንጎል። ፕሮሰሰር ደግሞ ዓይን ስለገባ ብቻ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ማዘርቦርድ በሚባለው ዋና ሰሌዳ ላይ ሶኬት የሚባል መቀመጫ አለው፤ ከመቀመጫው ጋር ካልተስማማ የጠቢብ አንጎል ቢሆንም አይገባም። እሷ የመረጠችው ያለፈው ትውልድ ሥሪት ነው፤ ግን አሮጌውን አንስቶ እሱን መተካት ብቻ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ከአቅሟም አያልፍም።

ይህን ሁሉ መኪናው ውስጥ ነግራዋለች። ምን ብሎ እንደመለሰላት መቼም አይጠፋችሁም።

ዛሬ የሚመረጠው ግን ፕሮሰሰር ብቻ አልነበረም። ጠዋት አከራይዋ በሯን አንኳኩተው «ልጄ፣ ክፍሉን የሚፈልግ ሰው መጥቶብኛል። ትለቂያለሽ ወይስ ትቆያለሽ? ዛሬውኑ ቁርጡን ንገሪኝ» ብለዋታል። አውቃለሁ ጠቅልላ እሱ ቤት እንድትገባና እንዲጋቡ ከጠየቃት ሰንብቷል። እሺ ለማለት ምንም አልቀራት። መልኩ ያምራል፣ አያመሽም፣ እናቷን ደውሎ ሳይጠይቅ አይሰነብትም። ይኼ ማወቁ ብቻ ቢቀርለት! ዕድሜ ያስተምረዋል እያለች ራሷን ስታባብል ከረመች። ዕድሜ ግን ማንን ያስተምራል፣ የሚያውቅን ሰው?

ባለሱቁ፣ የባለሱቅ ነገር፣ ገንዘቡ በማን ቦርሳ እንዳለ ሳይጠይቅ ወንዱን ወንዱን ነው የሚያየው። «ጌታው የዕቃ ሰው ናቸው» አለና ከላይኛው መደርደሪያ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ካርቶን አወረደ። «አሁን የገባ ነው። አሥራ ስድስት ኮር፣ እንደ አሥራ ስድስት አንጎል ይቁጠሩት።»

«አየሽ?» አለ አውቃለሁ። «አሥራ ስድስት! ያንቺ ስንት ነው?»

«ስድስት። ለጌም ስድስት ይበቃል። የቀረው ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ግን የኔ ቆንጆ፣ ሰው ሲገዛ አርቆ ያስባል። ነገ ቤቴ ስትገቢ አሮጌ ነገር ታቅፈሽ ልትመጪ ነው?»

«ዋጋውስ?»

«ዋጋውን ለኔ ተይው። እኔ እከራከርልሻለሁ።»

ይከራከርላታል! ከፋይዋ እሷ፣ ተጫዋቿ እሷ፣ ጠበቃው እሱ። የኮምፒውተሯን ክዳን እንኳ ከፍቶ አይቶ የማያውቅ ሰው! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

አውቃለሁ ትልቁን ካርቶን ከፈተና ፕሮሰሰሩን አውጥቶ፣ ወርቃማውን ሆዱን በአውራ ጣቱ ጨፍልቆ ወደ መብራቱ አነሳው። ባለሱቁ ደረቱን ያዘ።

«ኧረ በጠርዙ! በጠርዙ ይያዙት ጌታው!»

«አውቃለሁ» አለና በሌላው አውራ ጣቱ ጨፈለቀው።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። ሰውዬው አያያዙን አሳይቷል፤ አነጋገሩ ነበር የቀረው።

«እሺ፣ ሶኬቱስ?» አለች ዲዛይነሯ። «ሶኬቱ እኮ አይገጥምም።»

አውቃለሁ ሳቀ። ጆሮ ማዳመጫ ስትመርጥ የነበረች ሴት እስክትዞር ድረስ ከት ብሎ ሳቀ።

«ስለ ሶኬት ነው የምትጨነቂው? ቤቴ እኮ በየግድግዳው ሶኬት ነው! ሳሎኑን ብትይ፣ መኝታ ቤቱን ብትይ! ባይገጥም ደግሞ ማከፋፈያ እገዛልሻለሁ፣ ምን ገዶኝ!»

ባለሱቁ ያልቆሸሸ መስታወት መወልወል ጀመረ። ባለ ጆሮ ማዳመጫዋ ከንፈሯን ነከሰች።

ዲዛይነሯን መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር፣ ክፋት የሌለው ሳቅ። የኮምፒውተር ሶኬትን ከግድግዳ ሶኬት ማምታታት ወንጀል አይደለም። እሷ ራሷ ሥራ የጀመረች ሰሞን «ፕሌት አምጪ» ብለው ጽሑፉ የሚቀረጽበትን የማተሚያውን ቆርቆሮ እንድታመጣ ሲልኳት፣ ከሻይ ክፍል ሳህን ይዛ መጥታለች። እስከ ዛሬ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ባለሱቁ ጨርቁን አስቀመጠ። «አይ ጌታው፣ እሷ የምትለው የፕሮሰሰሩን መቀመጫ ነው። ይኼ እሷ ባላት ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። ማዘርቦርዱም፣ ራም የሚባለው ማስታወሻውም አብሮ መቀየር አለበት።»

ዲዛይነሯ የአውቃለሁን አፍ አፍ ታይ ጀመር። አንዲት ቃል ትበቃት ነበር። «ውይ፣ ይኼንንስ አላወቅሁም» ቢል ክንዱን ይዛ እየሳቀች ትወጣለች፣ ማታውኑ ዕቃዋን ትሸክፋለች። አምላክ ምስክሯ ነው፣ በልቧ «በል፣ በላ፣ በል» እያለች ለመነችው።

«እሱን ነው እኮ ያልኩት» አለ አውቃለሁ።

«ምኑን?»

«ሁሉም መቀየር አለበት ነዋ ያልኩት። አንቺ መች ሰው ታዳምጫለሽ!»

ከት ብሎ የሳቀው፣ ሳሎንና መኝታ ቤት የቆጠረው፣ ማከፋፈያ ሊገዛ የተነሳው ሰውዬ ዓይኗን እያየ ካደ። እግዜር ያሳያችሁ! ቁጣ ቢሆን ውሎ አድሮ በበረደላት። የመጣባት ግን ንቀት ነበር፣ ጥርት ያለ ንቀት። የታመመ ልጅ ታቅፈው ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ታያት፤ ሐኪሟ ሳትጨርስ እሱ «አውቃለሁ» ሲል፣ መድኃኒቱ ሲሳሳት ደግሞ «አንቺ መች ታዳምጫለሽ» ሲላት። የናቁትን ሰው እንዴት አድርገው ያገቡታል? እንደ እንግዳ ይሸኙታል እንጂ።

«ትንሹን ስጠኝ» አለችው ባለሱቁን።

«እኔ የለሁበትም» አለ አውቃለሁ፣ ኮቱን እያስተካከለ። «ኋላ ይቆጭሻል።»

«አውቃለሁ» አለችው።

እሱ ልብ አላለውም። መኪናውን ላምጣ ብሎ ወጣ። እሷ ከፍላ ካርቶኗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በረንዳው ላይ ቆማ አከራይዋ ዘንድ ደወለች።

«እትዬ፣ ክፍሉን ለሰው እንዳይሰጡብኝ። አልለቅም።»

«ውይ ልጄ! ምነው? ሰውዬሽስ?»

«ሶኬቱ አልገጠመም።»

«ለሶኬት ብለሽ ነው እንዴ? ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ማስቀየር ነው እንጂ፣ እዚህ ላይ ምን አለው!»

ዲዛይነሯ ሳቀች። ሳቁ እንባ ቀላቅሎ ነው የመጣው፤ መቼም የወደዱትን ሰው መናቅ ቀላል አይደለም።

«አይቀየርም እትዬ» አለች። «ስንት ጊዜ ጠበቅሁት።»

አውቃለሁ ከመንገዱ ዳር መኪናውን አቁሞ ክላክስ ያደርጋል። ስልኳን ዘግታ ልትነግረው ወደ መስኮቱ ሄደች። ምን እንደሚላት ታውቃለች።