ሐይቅ አልነበረም

ማርች አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ወይዘሮ ታትል «የአዛባ ኩሬ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙና ከላዩ «ሐይቅ» ብለው ጻፉ።

«ለምን?» አለች ዴልፊና።

«አዛባ ያስጠላል፣ የኔ ልጅ። እኛ የምንፈልገው አንባቢው እንዲያለቅስ ነው። አፍንጫውን ከያዘ አያለቅስም።»

ወይዘሮ ታትል የኮሌጁ አማካሪ ናቸው። እዚህ ሁለት ዓመት ተምረው ወደ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች መዛወር የሚፈልጉ ልጆች ማመልከቻቸውን የሚያሳዩት ለእሳቸው ነው። ዴልፊና የምትፈልገው ዩኒቨርሲቲ ከመቶ አመልካች ሁለቱን ቢቀበል ነው። ከተቀበለ ግን ትምህርቱንም፣ ቀለቡንም፣ መኝታውንም ይችላል። ማመልከቻው የሚዘጋው ዛሬ ነበር። ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ግን የሚያመለክቱት ሁሉ ውጤታቸው ጥሩ ነው። የሚለያዩት ስለ ራሳቸው በሚጽፉት አንድ ገጽ ተኩል ነው።

«የዛሬ ሁለት ዓመት የላክሁት ልጅ እናቱን ካንሰር ይዟት ነበር» አሉ ወይዘሮ ታትል፣ ገጹን እየገለጡ። «ገባ። ዓምና ደግሞ ቤታቸው የተቃጠለበት ልጅ ነበር። እሱ አልገባም። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሰው አልሞተበትም።»

«የኔስ?»

«ያንቺማ ጠንካራ ነው።» ፈገግ አሉና ወዲያው ፈገግታቸውን ሰበሰቡት። «ማለቴ ጽሑፉ። ይቺን ደግሞ እንዳትነኪያት።»

ሁለት ጊዜ አስምረውባት ጎኗ ላይ ኮከብ ሥለውባታል። «ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ወንድሜ እጄን ያዘና፣ ለሁለታችንም ተማሪልን አለኝ» ትላለች።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ወይዘሮ ታትል አልጨመሯትም። ማክሰኞ ዕለት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ የጻፈቻት ዴልፊና ራሷ ናት። ጽፋ ስትጨርስ አምሮልኛል ብላ፣ ከመሸጫ ማሽኑ ቸኮሌት ገዝታ በልታ ነበር። አሁን ኮከቡን ስታይ የዚያ ቸኮሌት ጣዕም አፏ ውስጥ መጣባት። ወይዘሮ ታትል ለራሳቸው አንድ ቅጂ ካስቀሩ በኋላ፣ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አመስግና ወጣች።

ወንድሟ ጄርማኖ የሞተው ጃንዋሪ አሥራ አራት ንጋት ላይ ነው። ጉሙ የመኪና መብራት አያሳልፍም ነበር። ለላሞቹ መኖ ይዞ ሲዞር ትራክተሩ ጠርዙን ስቶ፣ የበረቱ እጣቢ ሁሉ የሚጠራቀምበት ኩሬ ውስጥ ተገለበጠ። ለማውጣት ሁለት ሰዓት ፈጀ። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ በጨርቅ ሊጠቀልሉት ሲሉ አባቷ ኦርላንዶ ገፋ አደረጋቸውና፣ ማንንም ሳያስጠጋ፣ እዚያው ሲሚንቶው ላይ በቱቦ አጠበው። ጆሮውን፣ ጥፍሮቹን፣ አፉን። ሦስት ቀን ሙሉ እንደነሱ ከፖርቹጋል ደሴቶች የመጡት ጎረቤቶቻቸው እየተፈራረቁ ላሞቹን አለቡላቸው፤ ላም ቀብር እስኪያልቅ አትጠብቅም። በአራተኛው ቀን አባቷ ጥቁር ሸሚዙን እንደለበሰ ወደ ማለቢያው ተመለሰ። እስከ ዛሬም ቀለሙን አልቀየረም።

ቤት ስትደርስ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አባቷ ማለቢያው ውስጥ የላሞቹን ጡት በፎጣ እየጠረገ ማሽኑን ይሰካል።

«ላክሽው?» አላት ዞር ሳይል።

«ገና ነው።»

«ስለ ጄርማኖ ጽፋለች አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«የኮሌጁ ጸሐፊ ለጎረቤታችን ለሉርደስ ነገረቻት፣ ሉርደስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለእናትሽ ነገረቻት። እኔ እንግዲህ መጨረሻ ላይ ነው የምሰማው፤ ከላሞቹ ቀጥሎ። በይ አንብቢልኝ።»

«አባዬ፣ ይቅር።»

«እዚያ ያሉት የማያውቁት ሰዎች ያነቡት የለ? አንብቢ።»

ቦት ጫማዋን አጥልቃ አባቷ ወደቆመበት ጉድጓድ ወረደችና ከማሽኑ ድምፅ በላይ ጮክ ብላ አነበበች። አባቷ ሥራውን አላቋረጠም። ሐይቁ ጋ ስትደርስ ቆመ።

«የምን ሐይቅ?»

«አማካሪዋ ናቸው። አዛባ ያስጠላል አሉ።»

«ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁን አላነሳም። «ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ኮከብ ያለባትን ዓረፍተ ነገር ዘልላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ዓይኗ ቀድሟት ነበር፣ አፏ ግን አልታዘዘላትም። ስትጨርስ አባቷ ፎጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቀረ።

«እንዲህ አለሽ?»

ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረች።

«ጄርማኖ እንዲህ አለ? እኔኮ የማያስብ ልጅ ይመስለኝ ነበር። በነጋ በጠባ እጮህበት ነበር።» ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለው። «ሂጂ ለእናትሽ ንገሪያት። አሁኑኑ ንገሪያት።»

ዴልፊና ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«አላለም፣ አባዬ።»

«ምን?»

«አላለም። ቦት ጫማችንን እያጠብን ነበር። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ብትገቢና አሳንሰር ውስጥ ብትቆሚ፣ ሽታሽን ሸሽቶ ሰው ሁሉ በደረጃ ይወርዳል አለኝ። አንተ አሳንሰር መቼ አይተህ ታውቅና አልኩት። ከዚያ በቱቦው ውሃ ረጨኝ። በቃ።»

አንዷ ላም እግሯን አነሳች። አባቷ ሳያያት በመዳፉ መልሶ አስቀመጠው።

«አዎ» አለ። «ይሄ እሱ ነው።»

ማሽኑን ከላሟ ነቅሎ ወደምትቀጥለው ሄደ።

«ያኛውንስ? እሱንም ሴትዮዋ ናት የጻፈችው?»

«እኔ ነኝ።»

አንድ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አባቷ እጁን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ታጠበ፣ በሸሚዙ አደረቀ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ሥራውን ቀጠለ።

ወጥ ቤት ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ዓረፍተ ነገሯን ብቻ ብታጠፋ፣ ሐይቁንም ወደ ኩሬ ብትመልሰው፣ ጽሑፉ እውነት ይሆናል። ሞከረችው። እውነት ሆነ፤ የባሰ ጠንካራም ሆነ፤ ወይዘሮ ታትል ቢያዩት ኮከብ ይሥሉበታል። ያኔ ሁሉንም አጠፋችው። በምትኩ የወተት ቧንቧ እንዴት እንደሚታጠብ ጻፈች፦ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ፣ ቀጥሎ ሳሙናው፣ ቀጥሎ አሲዱ፣ አንዱ ከተዘለለ ቧንቧው ውስጥ ምን እንደሚጋገር፣ ይህንን ካየች ወዲህ ኬሚስትሪ ለምን እንደጣማት። የሚያስለቅስ ነገር አልነበረውም።

ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር፤ ስንት ወንድምና እህት አለሽ የሚል። «አንድ» ብላ ሞላች። ስም ጠየቃት፤ ጄርማኖ አለች። ዕድሜ ጠየቃት፤ ሃያ ሁለት አለች። በሕይወት አለ ወይ የሚል ጥያቄ አልነበረውም። ከምሽቱ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ላከችው።

ሜይ አሥራ አንድ ቀን መልሱ መጣ፤ አልተቀበሏትም። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ከቤታቸው ሃያ አምስት ደቂቃ የሚያስነዳው ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ቅዳሜና እሑድ እየመጣች ታልባለች። ከመግባቷ በፊት የመዛወሪያ ወረቀቷን ልታስፈርም ወይዘሮ ታትል ቢሮ ስትሄድ፣ የመጀመሪያው ጽሑፏ፣ ስሟ በነጭ ቀለም ተሸፍኖ፣ ለሚቀጥለው ዓመት አመልካቾች ምሳሌ እንዲሆን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ኮከቡም ሐይቁም እንዳሉ ናቸው።