ወለተ ሐዋርያት ያየችው ሕልም

«የሕያዋን ነው ወይስ የሙታን?» አለች ማንጠግቦሽ፣ ሰማያዊውን ደብተር በጎን እያየች።

ዲያቆን አበባው የኮምፒውተሩን አቧራ እየጠረገ ስለነበር ጥያቄው አልገባውም። «የሚጠቀም ሰው ሁሉ ይመዝገብ ተብሏል እትዬ። ስምዎን ይንገሩኝ፤ ማንም አያየውም።»

አበባው እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀምጦ በጸሎት የሚታሰቡትን ሰዎች ስም የሚጽፈው በዚሁ ዓይነት ደብተር ነው። በሌላው ቀን ደግሞ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ባለው ኢንተርኔት ቤት ይሠራል። እንግዲህ ማንጠግቦሽ ባትሳሳት ነበር የሚገርመው። ወደ ጆሮው ጠጋ አለችና ከነፍስ አባቷ በቀር ማንም የማያውቀውን፣ ባሏ እንኳ ሳይሰማው የሞተውን የክርስትና ስሟን ሹክ አለችው። ይህ ስም ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይደገምበታል ተብሎ የሚፈራ ስም ነው። «ወለተ ሐዋርያት።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ገበያተኞች ይህን ሲያዩ እነሱም እየተጠጉ ሹክ አሉ። አበባውም ስም ስም ነው ብሎ ሁሉንም ጻፈ። ደብተሩ በሁለት ወር ውስጥ ወልደ እገሌና ወለተ እገሊት ብቻ ሆነ።

ማንጠግቦሽ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቤሩት ላለችው ልጇ ለሔዋን ሕልሟን ትነግራለች። ሌላ የምትነግራት ብዙም የላትም፤ የጤፉ ነገር ያው ነው። እሷ ስትናገር አበባው አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይለቅመዋል። በዚያ ሰሞን ያየችው የቤተ ክርስቲያኑን ትልቅ ጽድ ነው። ጽዱ ሥሩን እንደ ቀሚስ ሰብስቦ፣ ቀስ ብሎ፣ ውኃ ሊጠጣ ወደ ጨሞጋ ወንዝ ወረደ። በጥላው ተቀምጠው የነበሩት ሹማምንት ፀሐይ ላይ ቀሩ፤ ባርኔጣቸውን ይዘው ወደ ላይ ያያሉ። ሔዋን በሳምንቱ መለሰች፦ «እማ፣ እኔም አየሁት። ከባሕሩ ዳር ቆሞ ውኃ ይንጠባጠብበታል። አንቺን አንቺን ይሸታል።»

ማንጠግቦሽ ከዚያ ወዲህ በእግሯ የምትሄድ አትመስልም ነበር። ጉም ላይ እንደምትረግጥ ሁሉ ጎረቤት ሰላም ሲላት ዘግይታ ነው የምትመልሰው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አበባው ላብ በላብ ሆኖ ማንጠግቦሽ ቤት መጣ። ምናለ የሚባል የመንግሥት ሰው፣ የቁይ ከተማ ልጅ፣ ወደ ቤሩት የላከችውን ሕልሟን በወረቀት ታትሞ ይዞ ሱቁ ገብቷል። ሹማምንቱን ፀሐይ ላይ ያስቀራቸው ማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ቀኑንና ሰዓቱን ከደብተሩ ጋር አስተያይቶ ወለተ ሐዋርያትን አግኝቷል፤ ፊቷን ግን አላገኘም።

«ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሰው አልለይም አልኩት» አለ አበባው። «የክርስትና ስምማ የነፍስ አባት ነው የሚያውቀው የሚል ቃል ግን አመለጠኝ።»

«ያ ደብተር የጸሎት አልነበረም?»

«አይ እትዬ፣ መንግሥት ያዘዘው መዝገብ ነው» አለ አበባው።

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ስሟ ያለ እሷ ከተማውን ሲዞር ታያት፤ አሁን የነፍስ አባቷ መምሬ አካለ ወልድ አንድ ቃል ቢናገሩ ስምና ፊት ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሔዋን የምትልከው ሕልም አይኖርም። መምሬን ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር አገኘቻቸው። ጽዱ ቦታው ላይ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጣ ገና አፏን ስትከፍት ምናለ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ደረሰ፤ ጠበልተኛ መሰለችውና አላያትም።

«መምሬ፣ ወለተ ሐዋርያት የምትባለው ማን ናት?»

«የነፍስ ልጆቼን ስም የምነግረው ለአንድ ጌታ ብቻ ነው» አሉ መምሬ። «እሱም ወረቀት ይዞ አይጠይቀኝም።»

ምናለ ይቆጣል ስትል ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። እንቅልፍ ያጣ ፊት ነበረው።

«እሺ፣ ዛፉስ?» አለ ዝግ ብሎ። «ወረቀቱን ካነበብኩ ወዲህ እኔም በሕልሜ አየዋለሁ። ትናንት ቁይ መጥቶ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሥሩ ርሷል። ፍቺው ምንድን ነው?»

«ሳልጸልይበት አልፈታም። የክርስትና ስምህን ንገረኝ።»

ምናለ ያን ጊዜ ማንጠግቦሽን አያት፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ሰው ባለበት? እሱማ የግሌ ነው፣ መምሬ።»

ማንጠግቦሽ የነጠላዋን ጫፍ እያስተካከለች ወደ ጽዱ ቀና አለች።

«የአበባው ደብተር ላይ አስጽፈው ልጄ» አለች። «ማንም አያየውም።»