አክስቴ የተነሳችበት ፊልም

አክስቴ አጎቴን ያኮረፈችው «አንድ ቀን እንኳ ቪዲዮ አንስተኸኝ አታውቅም» ብላ ነው። ሊታረቃት ፈልጎ በከተማችን የተከፈተው የፊልም ፌስቲቫል ለሕዝብ ወደሚሰጠው ነጻ የቪዲዮ ቀረጻ ሥልጠና ይዟት ሄደ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

አሠልጣኟ ካሜራ ሰጠችውና «ይበሉ ጋሼ፣ ባለቤትዎን ያንሷት» አለችው።

አጎቴ ሥራው ሲሚንቶ መጫንና ማውረድ ነው። ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

«እንዴት ነው የማነሳት?»

«እንደ ሲሚንቶው ነዋ!»

ካሜራውን አቀበለኝና አክስቴን ትከሻው ላይ ጉብ አደረጋት። የጣሪያው አምፖል በፀጉሯ ሲወለወል በዓይኔ አይቻለሁ።

«አውርደኝ አንተ ጉድ!» እያለች ስትጮህ እኔ እቀርጻለሁ።

በፌስቲቫሉ መዝጊያ ዕለት የሠልጣኞች ሥራ ሲቀርብ አክስቴ በትልቁ ስክሪን ታየች። አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ አጎቴ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ክንዱን ቆንጠጥ አድርጋ፣ «ይኸው በስንት ዘመኔ አነሳኸኝ» አለችው። «ቀጥሎ ግን ቁጭ እንዳልኩ አንሳኝ።»