ማን ማንን ይጋብዝ

ሰይልቤክ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ከካዛኾች አገር ደቡብ፣ ከቱርኪስታን፣ ወደ ሰሜን ዳርቻ ሲነሳ፣ ደስ ብሎት የሸኘው ሰው ቢኖር የባቡር ትኬት ቆራጩ ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሙ «እዚያ እንኳን ሰው ምራቅም መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆናል» አለው። አማቱ አለቀሱ። ልጁ ዬርናር፣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ከሐዘኑ ብዛት ለመንገድ የተያዘውን ስንቅ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ጨረሰው። አሥራ ስድስት ዓመቷ አይዛዳ ቀኑን ሙሉ ፊቷን ከመስኮቱ አላነሳችም።

ሰይልቤክ ግን ምክንያት ነበረው። በወንድሙ ግቢ ውስጥ አራቱም በአንዲት ክፍል ነበሩ። ልጅቱ ልብስ ስትቀይር አባትና ወንድም ዝናብም ቢሆን ውጭ ይቆማሉ። ደቡቡ ሰው በዝቶበት ተጨናንቋል፤ ሰሜኑ ሰው አልቆበት ቤቱ በሩ እንደተቆለፈ ይፈርሳል። ወደዚያ ለሚሄድ ቤተሰብ መንግሥት ቤት ይሰጣል ሲባል ሰማ። ሌላ ሰው ሳይሰማው ተመዘገበ።

በሁለተኛው ቀን አይዛዳ ከመስኮቱ ዞረች።

«አባባ፣ ሰዎቹ ባይቀበሉንስ?»

«እንዴት አይቀበሉንም? ካዛኽ አይደሉም እንዴ?»

«ግማሾቹ ሩሲያውያን ናቸው አሉ።»

«የቀሩት ግማሾች ይበቁናል። ስሚኝ፣ የመጀመሪያው በረዶ እስኪወርድ አንድ ቤት እንኳ ለዬሩሊክ ካልጠራን፣ ሻንጣችንን ይዘን እንመለሳለን። ቃሌ ነው።»

ይህን ሲል ምንም የሰጠ አልመሰለውም። እሱ በሚያውቀው አገር አዲስ ቤተሰብ ሰፈር ከገባ ነባሮቹ ጠርተው ያበሉታል፤ ዬሩሊክ ይህ ነው። እስኪጠሩት ድረስ መጤው ማንም ቤት ዘው አይልም፣ ከማንም እጅ አይቀበልም። በደቡብ ዕቃው ከመኪናው ሳይወርድ «እኛ ጋ ነው የሚበሉት፣ እኛ ጋ!» እየተባለ ጎረቤት ይጣላል። ሰይልቤክ ነገ ፀሐይ ትወጣለች ብሎ ቃል የገባ ያህል ተመቻችቶ ተኛ።

ቤቱ ከተባለውም በለጠ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ በር ነበረው። አይዛዳ ሰው የማይሰማት መስሏት በሯን ትዘጋለች፣ ትከፍታለች፣ ደግሞ ትዘጋለች። ሰይልቤክ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሰማት።

ከዚያ መጠበቅ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ደህናውን ኮት ለብሶ በሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ማንም አይመጣም። አጥሩን የምትጋራቸው ታማራ የምትባል ሩሲያዊት አሮጊት ናት፤ ከካዛኽ ጋር አድጋ ቋንቋውን አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ግን ሹሙንም ፈረሱንም «አንተ» ነው የምትለው። በአጥሩ ላይ አንገቷን ታወጣና «ደህና ነህ?» ትላለች። ደህና መሆኑን ሲነግራት በትከሻው አሻግራ የማድቤቱን ጭስ ማውጫ ትመለከታለች፤ እዚያ የምትፈልገውን ስታጣ ትገባለች። ሱቅ በር ላይ የሚቆሙት ወንዶችም ሰላምታ ይሰጡታል። ከዚያ ዝም ብለው ያዩታል። ሠርግ ጠርቶ ቀኑን የረሳ ሰው የሚታይበት አስተያየት ነው።

አንድ ጠዋት ታማራ አንድ ጆንያ ድንች አጥሩ ሥር አስቀምጣ ሄደች። ሰይልቤክ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በብዙ ትሕትና፣ ጆንያውን ተሸክሞ መለሰላት። ከዚያ ቀን ወዲህ «ደህና ነህ?» መባሉም ቀረ።

ሚስቱ ኡልቦሲን እስከዚያ ችላ ነበር። በደቡብ ሚስት ባሏን የምትሰድበው «እርስዎ» እያለች ነው።

«አባወራው፣ ድንች እኮ ነው። ድንች ምን በደለዎት?»

«ሥርዓት ነው።»

«እንግዲያው ሥርዓቱን ይቀቅሉትና ልጆቹን ያብሏቸው።»

ልጆቹ ግን ቀስ በቀስ ሌላ ሰው እየሆኑ ነበር። ዬርናር አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ «ዳይሬክተሩ እጄን ጨበጠኝ። ምንም ሳላደርግ» አለ። ነገሩ ሲጣራ፣ ተማሪ ጠፍቶ የላይኞቹ ክፍሎች ሊዘጉ ጫፍ ደርሰው ነበር፤ የዳኑት በእነዚህ ሁለቱ ነው።

«ቁጥር ሆነህላቸው ነዋ» አለች እህቱ።

«ሆኜስ? አንቺም እኮ ቁጥር ነሽ።»

አይዛዳ ከቁጥርም አልፋ ነበር። ትምህርት ቤቱ የሂሳብ አስተማሪ ስላልነበረው ዳይሬክተሩ ታናናሾቹን እንድታለማምድ መደባት። በየቀኑ ታማርራለች። በየቀኑም ራት እስኪቀርብ ድረስ ለነገ የምትጽፈውን ትደረድራለች። ሰይልቤክ ምሬቱን እየሰማ ድርደራውን እያየ ሰማዩን መፍራት ጀመረ። እሱ እንዳይወርድ የሚመኘውን በረዶ ልጁ በጉጉት የምትጠብቀው መስሎት ነበርና።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሲነሱ ግቢው ነጭ ሆኗል።

ሰይልቤክ ሻዩን ይዞ መስኮቱ ላይ ቆመ። አይዛዳ ቦርሳዋን አንግታ ከክፍሏ ወጣች።

«አባባ፣ በረዶ ወርዷል።»

«አይቻለሁ።»

«ቃል ገብተው ነበር።»

«ገብቻለሁ» አለና ዓይኑ ቁምሳጥኑ ላይ ወደተደረደሩት ሻንጣዎች ሄደ። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም፤ ይህ ጠባዩ ደግሞ ከጠቀመው የጎዳው ይበልጣል።

«ታማራ ለምን እንደማትጠራን ያውቃሉ?»

«ሥርዓት ስለማታውቅ።»

«የልጅ ልጇ አብራኝ ነው የምትማር፣ ትናንት ጠየቅኋት። እኛ እስክንጠራቸው እየጠበቁ ነው። እነሱ ዘንድ የሚደግሰው አዲስ ቤት የገባው ነው። ጎረቤት አይቶ፣ በልቶ፣ መርቆ ይሄዳል። እርስዎ ደግሞ ደህናውን ኮት ለብሰው ደጅ እየተቀመጡ፣ ሰፈሩ በሙሉ ዛሬ ነው ነገ ነው ሲል ከረመ። ድንቹን ሲመልሱባት ደግሞ ስስታም ተባሉ።»

«ስስታም?»

«ስስታም።»

ሰይልቤክ ሻዩን አስቀመጠ። ብዙ ነገር ተብሎ ያውቃል። ይህን ግን አባቱም አያቱም ተብለውት አያውቁም።

«ካዛኾቹስ?»

«እነሱም እንደ ሰፈሩ ሆነዋል። ቤሽባርማክን በሚያህል የድግስ ሥጋ ውስጥ ድንች የሚከቱ ሰዎች ናቸው አባባ፣ ምን ይጠብቁባቸዋል?»

ይህ ትልቅ ክስ ነበር። ሰይልቤክ ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «ቢሆንም መጤ ነባርን አይጠራም። አብሉኝ ብሎ በር እንደማንኳኳት ነው። ይሄን አድርጌ ነገ የማን ልጅ ነኝ እላለሁ?»

«እሺ፣ መጤው ማነው?»

«እኛ ነና።»

«ነበርን። ሰኞ ዕለት የሂሳብ መምህርት መጣች፣ ሜሩየርት ትባላለች፣ ከምሥራቅ ነው የመጣች። ብቻዋን ናት። እሷ ስትመጣ እዚህ ማን ነበር?»

ሰይልቤክ የሻዩን ብርጭቆ መልሶ አነሳ።

«እኛ» አለ ዬርናር ዳቦውን እያኘከ።

«ታዲያ የሷ ዬሩሊክ ማን ላይ ነው?»

ሰይልቤክ ነገሩን ከፊትም ከኋላም አገላበጠው። ቀዳዳ ፈለገለት፤ አጣለት። አያቱ መቃብራቸው ውስጥ ሆነው ቢሰሙትም የሚቃወሙበት አልነበረም። ልጁን ትክ ብሎ አያት። ይህን የሚያክል ነገር በዚያች ጭንቅላት ውስጥ ሲበስል አድሮ እሱ ምንም አልሸተተውም።

«ዬሩሊክ ያለ ጎረቤት አይበላም» አለ በመጨረሻ። «ሰፈሩ በሙሉ መጠራት አለበት።»

«እኔም የምለው እሱን ነው።»

«መመለስ ትፈልጊ የለም እንዴ?»

«እሱን ማን ጠየቀዎት? እኔ የምጠይቀው በጉን ማን ይምረጥ ነው።»

ኡልቦሲን ቢላዋውን መሳል ጀምራ ነበር።

ቅዳሜ ቤቱ ሞላ። ሰዎቹ ዳቦና ጨው ይዘው መጡ። ታማራ ድመት አቅፋ መጣችና ከእንግዶቹ ሁሉ በፊት በደጃፉ አሳልፋ ለቀቀቻት፤ እነሱ ዘንድ አዲስ ቤት በድመት ነው የሚመረቅ። ሰይልቤክ ድመት ይዞ የመጣ እንግዳ አይቶ አያውቅም፣ ቢሆንም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ። እነሱ ስለ አዲሱ ቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ይሉታል። እሱ መምህርቷን ልታከብሩ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ ይላቸዋል። ሁለቱም ወገን በልቡ፣ ያኛው ወገን በመጨረሻ ሥርዓት ትዝ አለው ብሎ ተደሰተ። ማንም ማንንም አላረመ።

ሥጋው በሰፊው ሳህን ወጣ። ድንች አልነበረበትም። የተቀቀለውን የበግ ራስ ሰይልቤክ በሁለት እጁ ይዞ የቀኑ እንግዳ ፊት አኖረው። ሜሩየርት፣ ከአይዛዳ ብዙም የማትበልጥ ልጅ፣ ፊቷ ቀላ።

«አጎቴ፣ አባቴ በሕይወት አሉ። አባት እያለ ልጅ ራስ አይቆርጥም» ብላ ሳህኑን በዕድሜ ወደ ትልቋ፣ ወደ ታማራ፣ ገፋችው። ሰይልቤክ ምሥራቅም ሰው አለ ለካ አለ በልቡ።

ታማራ ምንም አላመነታች። ጆሮውን ቆርጣ ለትንሹ፣ ለዬርናር፣ ሰጠችው። «እንካ፣ እናትህን ስማ» አለችው። ከዚያ ቀምሳ ወደ ሰይልቤክ ዞረች።

«አንተ፣ ዘግይተሃል። ሥጋው ግን ጥሩ ነው።»

«እርስዎም ዘግይተዋል» አለ ሰይልቤክ። «ድመቷ ግን ጥሩ ናት።»

ታማራ ጥርስ የጎደለውን ድዷን እስክታሳይ ሳቀች። ማኘኩም መመረቁም ተጀመረ። ሜሩየርት ሙቀቱ ሲያፍታታት ሰይልቤክን ጠየቀችው፤ «አጎቴ፣ የዚህ አገር ብርድ እንዴት ነው? እናንተ ነባሮች ትነግሩኛላችሁ ብዬ ነው።»

ሰይልቤክ የዚህን አገር ብርድ ካየ ገና ሦስት ቀኑ ነበር። መስኮቱን አየ፣ ጎረቤቶቹን አየ፣ ሳህን ይዛ በሩ ላይ የቆመችውን፣ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን የነከሰችውን አይዛዳን አየ።

«ይከብዳል» አለ ረጋ ብሎ። «ግን ይለመዳል። እኛ ለምደነዋል።»

ታማራ ማኘክ አቆመች። ሁሉም አፏን ጠበቀ። «አዎ፣ እሱን ጠይቂው፣ እሱ ያውቃል» አለችና ወደ ሥጋዋ ተመለሰች።

ሰይልቤክ ወገቡን አቀና። መምህርቷ ባዕድ አገር ላይ እንዳለች ትዝ ብሎት ድምፁን አለሰለሰ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ብቻሽን አይደለሽም። የምድጃ ነገር ከከበደሽ ለኔ ንገሪኝ። ሂሳብ ደግሞ ከከበደሽ» አለና ወደ በሩ ጠቆመ፣ «ልጄን ጠይቂ።»

መምህርቷ ሳቀች። ሰይልቤክ አልሳቀም፤ የምሩን ነበር።