ሁለት ራስ ያላት ወፍ

ቧንቧ ሠራተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሥራ ልብሱን አውልቆ፣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ፈትጎ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ሲወርድ መምህር ይሆናል። መጠሪያው እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም። የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን የተማረው ሰው ከጣላቸው መጻሕፍት ነው፤ አንዱን ገጽ አሥር ጊዜ እያነበበ፣ አልገባ ሲለው አድሮ እየተመለሰበት፣ እንዲያ እንዲያ ሲል ዓመታት ፈጀ። አንድ ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ቧንቧ ፈንድቶ ሲጠግን በክፍያው ፋንታ ይህችን ጠባብ ክፍል ለመነ። ሰባት ያረጁ ኮምፒውተሮች አሰባሰበና «ለወጣቶች፣ በነጻ፣ ምንም ለማያውቁ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። ፈጣሪ እኔን የታገሠኝን ያህል እኔም ልጆቹን ልታገሥ ይላል በልቡ፤ ለሰው ግን ተናግሮት አያውቅም።

ከዘጠኙ ተማሪዎች አንዷ የሹራብ ሠሪዋ ልጅ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቃል ከአፏ በመከራ ስለሚወጣ ጓደኞቿ «ጸጥታ» ይሏታል። አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ አፉ ስለማይዘጋ «ራዲዮ» ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጸጥታ ሁሉም እስኪወጣ ጠበቀችና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ጋሼ፣ እናቴ ልታስቀረኝ ነው» አለችው።

«ምነው?»

«ሱቅ ሥራ በዝቷል። እዚህ ተቀምጬ ምን እንደምሠራ አልገባትም። የሚቀጥለው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ መጥታ ታያለች። የሚታይ ነገር ከሌለ በቃ።»

ያ ቅዳሜ ደረሰ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ የሚታየው ነገር ግን ጉድ ነው።

እናትየው የምትታወቅባት አንዲት ወፍ አለች፤ ሹራብ ደረት ላይ በቀይ ክር የምትሠራት። ንድፏ የተጻፈበት ወረቀት የለም። እየሠራች ድምፅ አውጥታ ትቆጥራለች፤ «ሦስት ነጭ፣ ሁለት ቀይ፣ ስምንት ነጭ» እያለች፣ አርባ ረድፍ። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ክር እየጠቀለለች አዳመጠች፤ የሰማችውን ሁሉ ደብተር ላይ አሰፈረች። ከዚያም ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን እያነበበ ነጭና ቀይ ነጥቦች እንዲደረድር አዘዘችው።

መጀመሪያ ወፏ እግሯ ወደ ሰማይ ሆኖ ወጣች።

«ጋሼ፣ ይቺስ ሞታለች» አለ ራዲዮ።

ጸጥታ አልሳቀችም። ሹራብ ከታች ወደ ላይ እንደሚሠራ፣ ኮምፒውተሩ ግን ከላይ ወደ ታች እንደሚደረድር ራሷ ደረሰችበት። ከመጨረሻው ረድፍ አስጀመረችው። ወፏ በእግሯ ቆመች። ግን በግራም ራስ አላት፣ በቀኝም ራስ አላት፤ ገላዋ እንደ ማበጠሪያ ተሰነጣጥቋል።

ቧንቧ ሠራተኛው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ደብተሩን ከስክሪኑ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። አንድም ቁጥር አልተሳሳተችም። ትእዛዞቹን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ እንከን የላቸውም። ቧንቧ የት ጋ እንደሚያፈስ ግድግዳ ሳይሰብር በጆሮው ብቻ የሚያገኝ ሰው፣ ይህኛው ስሕተት ዝም አለው። በሆዱ ፈጣሪን፣ «አንተው አሳየን» አለው።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ እናትየው ክር የሞላ ፌስታል በክንዷ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ልጄን ልወስድ ነው።»

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጡስ ይቅርብኝ፤ ሱቁን ዘግቼ ነው የመጣሁት።» ይህን እያለች ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ። «ይቺ የኔ ወፍ አይደለችም እንዴ?»

«ናት፣ እማዬ።»

«ምነው ሁለት ራስ አበቀልሽላት?»

«አንዱ ሲተኛ አንዱ እንዲጠብቅ ነው» አለ ራዲዮ።

እናትየው አልሰማችውም። ጎንበስ ብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንዱን ረድፍ ቆጠረች። ቀጥሎ ከበላዩ ያለውን ቆጠረች።

«ይሄ ዕቃ ከየት በኩል ነው የሚጀምረው?»

«ከግራ» አለች ልጅቷ።

«ረድፉን ሲጨርስስ?»

«እንደገና ከግራ።»

«ዞሮ አይመለስም?»

የቧንቧ ሠራተኛው ጣት ደብተሩ ላይ ቀጥ አለ። «አይመለስም እህቴ።»

«እኔ እኮ እመለሳለሁ» አለች። ጣቷን በስክሪኑ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ነዳችው፤ አንድ ረድፍ ከፍ አደረገችና ከግራ ወደ ቀኝ መለሰችው። «አንዱን እንዲህ እሄዳለሁ፣ ቀጣዩን እንዲህ እመጣለሁ። እሷ አቆጣጠሬን እንዳለ ጽፋዋለች። ግማሹ ረድፍ ፊቱን አዙሯል።»

ቧንቧ ሠራተኛው ቀና ብሎ አያት። ይህች ሴት ኪቦርድ ነክታ አታውቅም።

ጸጥታ አንዲት መስመር ጻፈች፤ አንዱን ረድፍ እንደ በፊቱ፣ ቀጣዩን ከመጨረሻው ወደ ኋላ እንዲያነብ። ቁልፉን ተጫነች። ወፏ አንድ ራስ፣ አንድ ምንቃር ይዛ ብቅ አለች፤ ልትበር ያኮበኮበች ትመስላለች። ራዲዮ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እስቲ ድገሚው» አለች እናትየው።

ወፏ ጠፋች፤ በቅጽበት ተመለሰች።

«እኔን እኮ ሁለት ቀን ነው የምትፈጅብኝ።»

«ብዙም ትሆናለች» አለች ልጅቷ። አንድ ቁጥር ቀየረች፤ አሥር ወፎች ተሰልፈው ስክሪኑን ሞሉት። እናትየው መዳፏን አፏ ላይ አደረገች።

ቧንቧ ሠራተኛው ስክሪኑን ትቶ እናትና ልጅን ነበር የሚያየው። አርባ ረድፍ፣ ያለ አንዳች ወረቀት። እሱ ከተጣለ መጽሐፍ እየለቀመ ዓመታት የፈጀበት ነገር፣ ትእዛዝን በተራ መደርደር፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ካለ ሱቅ ውስጥ በአንዲት ሴት አፍ ሲቆጠር ኖሯል። ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያች ክፍል ተማሪ የሆነ መሰለው። «ተመስገን» አለ፤ ድምፁ አልወጣም።

«እማዬ፣ እንሂድ?» አለች ጸጥታ። ደብተሯን ዘግታ ነበር።

እናትየው ፌስታሉን መሬት ላይ አኖረችና እሱ የለቀቀላት ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ሌላም አለች» አለች። «የእናቴ ናት። ትልቅ ስለሆነች ሠርቻት አላውቅም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ነው ያለችው። ዘጠና ረድፍ ናት፣ ዛሬ አታልቅም። የቀረውን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ትጨርሻታለሽ።»

ደብተሩን በራሷ እጅ ገልጣ ለልጇ ሰጠቻት። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከቀኝ» አለች፤ «አሥራ አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ…»